ሦስት ቀስ ያሉ ምቶች

ጭልፋዋን ከድስቱ ሳታወጣ ሰማችው። ኳ። ኳ። ኳ። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ በየመሃሉ ትንፋሽ የሚያስወስድ ፋታ እየሰጠ። የመጣው ወጥ ቤቱን ከመመገቢያው ክፍል በሚለየው ግድግዳ ላይ ካለችው ሳህን ማሳለፊያ መስኮት ነው። እጇ ከሐሳቧ ቀደመ። ጎድጓዳ ሳህን አነሳች፤ የድንች ሾርባ ሞላችበት፤ በርበሬ አላስነካችውም። የዳቦውን ቅርፊት ልጣ ለስላሳውን ብቻ ከጎኑ ቆረሰችለት። ሰዓት ሠሪው ለምሳ ከዚህ ሌላ በልቶ አያውቅም። ጥርሱ ደህና በነበረበት ጊዜም ቅርፊት አይወድም ነበር።

ሳህኑን መስኮቷ ላይ አስቀምጣ ጎንበስ አለችና ወደ ማዶ አየች። የምሳ ሰዓት ነው፤ ቤቱ ሞልቷል። መነጽሩን እንፋሎት የደፈነበት አለ፣ ሾርባውን እየነፋ ጋዜጣ የሚያነብ አለ፣ ከጓደኛው ሳህን ድንች የሚሰርቅም አይጠፋም። በበሩ አጠገብ ያለው የሰዓት ሠሪው ወንበር ግን ባዶ ነበር።

ልጇ ሁለት ሳህን መኮሮኒ ክንዷ ላይ ደርድራ መጣች። "እማ፣ ይሄ የማን ነው?"

"የሰዓት ሠሪው።"

"አልመጣም እኮ። ሾርባ ያዘዘም የለም።" ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ደግሞ ሰማሽ?"

እናትየው ሾርባውን እንዳይቀዘቅዝ በሌላ ሳህን ከደነችው።

ሰፈሩ ሴትዮዋን እትዬ ጭልፋ ይላታል። ባሏን ደግሞ ጋሼ ማንኪያ ይሉት ነበር። ጭልፋና ማንኪያ ተጋብተው ድስት ወለዱ እያሉ ምስኪኗን ልጅ ሳይቀር ሲተርቧት ነው ያደገችው። ባልየው የቤቱ አስተናጋጅ ነበር፤ ግን መጮህ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሌላ ቤት አስተናጋጁ "አንድ ሾርባ" እያለ ጣሪያ ሲያነቃንቅ፣ እሱ በማንኪያው ጀርባ የመስኮቷን መቃን ያንኳኳል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ምት ነበረው። ለአናጢው ሁለት ጥድፍ ያሉ። ለጡረተኛው ሾፌር አንድ፣ ከዚያ ሁለት ተከታትለው። ለሰዓት ሠሪው ሦስት ቀስ ያሉ። እሷም መልስ ነበራት፤ ምግቡ ካልደረሰ በጭልፋዋ ሁለቴ ኳ ኳ ታደርጋለች። "ቆይ፣ ገና ነው" ማለቷ ነው። እሱ ደግሞ መጠበቅ ያውቅበታል።

የመጨረሻው ደንበኛ ሲወጣ ጋሼ ማንኪያ ማንኪያውን ያስቀምጥና በመዳፉ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደብ ያደርጋል። ይህኛው የሷ የራሷ ምት ነው። "በይ በቃ ነይ፣ አብረን እንብላ" ማለቱ ነበር። ሽርጧን ፈትታ ትወጣለች፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይበላሉ። እዚህም እዚያም ሲሉ ሠላሳ ዓመት ሞላቸው።

ጋሼ ማንኪያ ከሞተ ሰባት ወሩ ነው። ማንኪያው ከሌሎቹ ማንኪያዎች ጋር መሳቢያ ውስጥ ገባ፤ አሁን የትኛው የሱ እንደሆነ የሚለይ የለም። ልጅቷ ሥራዋን ትታ መጥታ የአባቷን ቦታ ያዘች፤ ትእዛዙን ወረቀት ላይ እየጻፈች በመስኮቷ ታስገባለች።

ምቱ የተመለሰው እሱ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሁለት ጥድፍ ያሉ። እትዬ ጭልፋ ልጇ የተጫወተችባት መስሏት ድንችና ሥጋውን በሳህን አወጣች። አናጢው ገና በሩን ሲገፋ ምግቡ ጠበቀው። "ከመንገድ ሸተትኳችሁ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ሆነ። ምቱ ይመጣል፣ እሷ ታወጣለች፣ ሰውየው ይገባል። ደንበኛው ወደደው። ልጅቷም እናቴ የሰዉን ሰዓት አጥንታለች ብላ ራሷን አሳመነች።

ከወር በፊት ግን አንድ፣ ከዚያ ሁለት ተከታትለው መጡ። ለሾፌሩ ሩዝ አወጣች። ሩዙ ደረቀ፤ ሾፌሩ አልመጣም። ማታ ላይ ወሬው ደረሰ፤ ሰውየው ቀትር ላይ አልጋው ውስጥ እንዳለ አርፏል። እትዬ ጭልፋ ያን ሳህን ለማጠብ እጇ እምቢ አላት። ለማንም ሳትነግር ከነሩዙ ጣለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መስኮቷን መፍራት ጀመረች። ስለዚህ ልጅቷ ትናንት "የወጥ ቤቱ ጢስ ደንበኛ ላይ ይወጣል፣ አናጢው በሣንቃ ይድፈንልን፣ ሳህኑን በበር እናወጣለን" ስትላት "እሺ" አለች። የጢስ ነገር እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። አናጢውም ሣንቃውን ይዞ መጥቷል፤ ምሳውን እየበላ ቤቱ እስኪራገፍ ይጠብቃል።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ይህን ለልጇም አልነገረቻትም። በነዚህ ወራት ሁሉም ምት ሲመለስ የመዳፉ ምት አልተመለሰም። ከምሳ በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ጆሮዋን ታቆማለች። እንዲመጣ ትጠብቀዋለች፤ እንዳይመጣም ትፈራዋለች። የትኛው እንደሚበልጥባት ቢጠይቋት አታውቀውም።

ኳ። ኳ። ኳ።

አሁን እያየችው ነው። ከመስኮቷ ማዶ እጅ የለም። የተከደነው ሳህን ጠርዝ ግን በእያንዳንዱ ምት እንደ ጥርስ ተንገጫገጨ።

ሽርጧን ሳትፈታ በበሩ ወጣች። ድስቱን እንድታይ ለልጇ ነገረቻትና አናጢውን ጉርሻውን ሳይጨርስ አስነሳችው። "ልጄ፣ መሣሪያህን ያዝ። የሰዓት ሠሪው በር ተቆልፎ ይሆናል።"

"ምን ሆኑ?"

"እንጃ። ብቻ ና።"

ደግ ሰው ነው፤ ሌላ አልጠየቃትም። ሰዓት ሠሪው ሁለት መንገድ አቋርጦ ካለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ነው የሚኖረው። ደረጃውን ስትወጣ አናጢው ክንዷን ይዞ ደገፋት። ጎረቤትየዋ ከጧት ጀምሮ ምንም ድምፅ እንዳልሰማች ተናገረች። በሩ ተቆልፏል። አናጢው በመሮ ቁልፉን ሲፈነቅል እትዬ ጭልፋ ጆሮዋን ጣውላው ላይ ለጠፈች። ማንኳኳት የለም። የሚሰማው የሰዓቶች ድምፅ ብቻ ነው፤ መቶ ነፍሳት በጥፍራቸው እንጨት የሚቧጥጡ የሚመስል ድምፅ።

ሰዓት ሠሪው በአልጋውና በሥራ ጠረጴዛው መካከል በጎኑ ወድቆ ነበር። ፊቱ አንድ ወገን ወርዷል። ዓይኑ ግን ተከፍቷል፤ እሷን አይቶ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። አጠገቡ ተንበርክካ ጆሮዋን ሰጠችው።

"ሾርባዬ ቀዘቀዘ?" አለ። ቃሉ ተጎተተ እንጂ ይሰማል።

"ከድኜዋለሁ ጋሼ። አይዞዎት። እንኳን አንኳኩ፤ ሰማሁዎት።"

ዓይኑን ጣሪያው ላይ አድርጎ ጥቂት አሰበ። "እኔ አላንኳኳሁም" አለ። "በምኔ? ቀኙ ከሥሬ ነው። ግራው ደግሞ ከጧት ጀምሮ የኔ አይደለም።"

 አናጢው ስልኩን አውጥቶ አምቡላንስ እየጠራ ነው፤ አልሰማም። እትዬ ጭልፋ ትራስ አምጥታ ከራሱ ሥር አደረገችለት። ሰዓት ሠሪው ግን ወሬውን አልጨረሰም ነበር።

"ባልሽ ከስቷል" አላት፤ ሰው ስለ ጎረቤቱ እንደሚያወራ ዓይነት። "እዚህ ተቀምጦ ሳየው ነበር። ምነው፣ ምሳውን አይበላም እንዴ?"

አምቡላንሱ መጣ። ጫማዋን ሳታስር የሮጠችው ነርስ ሽማግሌውን መርምራ፣ "ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ" ብላ ቀሪውን ዋጠችው። ይተርፋሉ አለች። መናገራቸው ደህና ምልክት ነው አለች። በቃሬዛ ደረጃውን ሲያወርዱት ሰዓት ሠሪው በደህና እጁ የእትዬ ጭልፋን ሽርጥ ጨበጠ፤ ማታ ሾርባ እንደምታመጣለት ቃል እስክትገባ አልለቀቃትም።

ወደ ምግብ ቤቱ ሲመለሱ የምሳው ሰው አልቆ ነበር። ወንበሮቹ ወደ ጠረጴዛው ተገፍተዋል፤ ልጅቷ የመጨረሻዎቹን ሳህኖች ታጥባለች። እናትየው ስለ ሰዓት ሠሪው መትረፍ ነገረቻት። ስለ ከሲታው እንግዳ አልነገረቻትም። መስኮቷ ላይ የተወችው ሾርባ እንደተከደነ ነው፤ ላዩ ቆዳ ሠርቷል።

አናጢው ወደ ወጥ ቤት ገብቶ መለኪያውን ዘረጋ። ቁመቷን ለካ፣ ወርዷን ለካ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መቃኑን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና እዚያው ቀረ።

"እትዬ፣ እዚህ ላይ የሚመታው ማነው?"

"ባለቤቴ ነበር። ማንኪያውን ታውቀው የለም።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት የተመታው ይኸውና፤ ጎድጉዷል፣ ከእጅ ቅባት ብዛት ጠቁሯል።" ጣቱን ወደ ጉድጓዱ መሃል አስጠጋ። "ይሄኛው ግን ትኩስ ነው። ነጩ እንጨት ወጥቷል። ዱቄቱ እንኳ አልረገፈም።"

ልጅቷ እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጣች። በጣቷ ነካችው፤ ጣቷ ላይ ነጭ ብናኝ ቀረ። ለረጅም ጊዜ አየችው።

"እኔ እኮ ወረቀት ነው የማስገባው" አለች።

አናጢው የእንጨት ሰው መሆኑን፣ ከእንጨት ሌላ ላለው ነገር አስተያየት እንደማይሰጥ ተናገረና ልድፈነው ወይስ ልተወው ሲል ጠየቀ። ልጅቷ እናቷን አየች። ትናንት "እሺ" ያለችው አፍ ዛሬ አልከፈት አላት።

"እማ?"

ደብ።

አንድ ጊዜ ነው፤ በመዳፍ። ጨው ዕቃው ከመስኮቷ ጠርዝ ላይ ዘለለና ተንከባሎ ወለል ላይ ወደቀ። አናጢው መለኪያውን ለቀቀው፤ ብረቱ እያፏጨ ተጠቀለለ። ሦስቱም እዚህ ናቸው። ማዶ ያለው ክፍል ውስጥ ወንበሮች ብቻ ናቸው።

"ያልበላ ማን ቀረ?" አለች ልጅቷ በሹክሹክታ። ምቱ ከተመለሰ ወዲህ በራሷ ጆሮ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

የእትዬ ጭልፋ እጆች ወደ ኋላዋ ሄደው ነበር። የሽርጡን ቋጠሮ ይፈታሉ። የሚያደርጉት ሠላሳ ዓመት የለመዱትን እንጂ እሷ ያዘዘቻቸውን አልነበረም። ቋጠሮው ላላ። እግሯም ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደ። ደስ የሚል ነገር፣ ከሰባት ወር ወዲህ ያልተሰማት ነገር፣ ከማዶው ጠራት፦ ጠረጴዛ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው፣ የሥራ ማለቅ። ከስቷል ብሏታል ሰዓት ሠሪው። ብቻውን መብላት መቼ ያውቅበታል።

ልጇ ክርኗን ያዘቻት። ጠበቅ አድርጋ አይደለም፤ ትንሽ ልጅ ሳለች መንገድ ሲሻገሩ እንደምትይዛት ነው። ሳሙና የነካው እጇ እርጥብና ሙቅ ነበር።

እናትየው ቆመች። ወለሉ ላይ የተበተነውን ጨው አየችው። ምድጃው ላይ ያለውን ድስት አየችው፤ ለሰዓት ሠሪው ማታ የሚበቃ ሾርባ ከሥሩ ቀርቷል። ከዚያ ጭልፋዋን ከተሰቀለችበት አወረደች፤ ወደ መስኮቷ ጠጋ ብላ መቃኑን በእርጋታ፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ ያህል፣ ሁለቴ መታችው።

ኳ፣ ኳ።

ጠበቁ። ከማዶው መልስ አልመጣም። ባዶው ክፍል ውስጥ ግን አንድ ወንበር ክርር ብሎ ወደ ኋላ ተሳበ፤ ሰው ለመቆየት ተመቻችቶ ሲቀመጥ እንደሚሰማው።

"ሣንቃውን ይዘኸው ሂድ፣ ልጄ" አለችው አናጢውን። "ድንችህን ሳትጨርስ ነው ያስነሳሁህ፤ ላሙቅልህ።"

ሽርጧን መልሳ አጠበቀች። ከዚያ የዳቦ ቢላዋውን አነሳችና ማታ ለሚሄደው ዳቦ ቅርፊቱን መላጥ ጀመረች።