የወለተ ኢየሱስ እንግጫ

ደምለው ከሞጣ ተነሥቶ ቢቸና የእርሻ ልማት ሠራተኛ ሆኖ ሲመደብ፣ የማያውቀው አረም ያለ አይመስለውም ነበር። ተምሯል፣ አይካድም። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ የወይዘሮ ወለተ ኢየሱስን ጓሮ ገደል ሊከት የነበረውም ያው ትምህርቱ ነው።

ወይዘሮዋ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ በኮክ ዛፎች ሥር ነጭ ሽንኩርት የሚያለሙ ሴት ናቸው። በዚያ ክረምት እንግጫ የሚሉት ሣር ጓሮውን ወረሰው። ደምለው መጣና፣ "እማማ፣ ይሄ የአንድ ቀን ሥራ ነው" ብሎ ስምንት ጎረምሳ ዶማ አስይዞ አስቆፈረ። "ተው ልጄ! ይሄ ሣር መሬት ውስጥ ፍሬ ይቋጥራል፤ በቆረጥከው ቁጥር ይበዛል" ቢሉት ሳቀ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንዱ እንግጫ አምስት ሆኖ በቀለ። ሥሮቻቸውን ዶማ የቆረጠባቸው ሁለት የኮክ ዛፎችም ቅጠላቸውን አረገፉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው!

ጉዱ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ መሬት ሲሰጥም ሲነጠቅም በገበሬ ማኅበሩ ቃል ነው። ሊቀ መንበሩ አካለ ወልድ፣ "አረም የዋጠው መሬት ለሚያለማው ይሰጣል" አለና መስከረም ሦስት መጥቶ ሊያይ ቀን ቆረጠ። ደምለው እህል አልወርድለት አለ። ሴትዮዋ በእሱ ጥፋት መሬታቸውን ሊያጡ ነው።

ጳጉሜን አራት ቀን አንገቱን ደፍቶ ወደ ወይዘሮዋ ሄደ። "እማማ፣ እኔው ራሴ ልቆፍር።"

"ኧረ ጓድ ደምለው፣ ዶማህን ለድንጋይ አስቀምጥልኝ!" ብለው ሳቁበት። "ነገ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ አይደል? ልጃገረድ ሁሉ እንግጫ ነቀላ ትወጣለች። ዘንድሮ መስክ ድረስ ምን አደከማቸው? እኔ ጓሮ ይምጡ ብያለሁ።"

ደምለው ዘወር ብሎ ጓሮውን አየ። ሞጣም እኮ ይነቀላል፤ እህቶቹ በየዓመቱ ለአዲስ ዓመት አምጥተው ምሰሶ ላይ ሲያስሩ አይቶ ነው ያደገው። እንዴት እስከ ዛሬ አላሰበውም!

በማግስቱ ልጃገረዶቹ እየዘፈኑ መጡ፤ አርባ ይሆናሉ። ወይዘሮዋ የአጥሩ በር ላይ ቆመው ሕጋቸውን ተናገሩ፦ "ሽንኩርቴን የረገጠች ወዮላት! እንግጫውን ሳትበጥስ ከነፍሬው ያወጣች ግን ኮክ አላት።" የክረምቱ ዝናብ አፈሩን አርሶታል። ልጃገረዶቹ ጎንበስ ብለው፣ ግርጌውን ይዘው፣ ቀስ እያሉ ሲስቡት እንግጫው ከነጓዙ ወጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የሽንኩርቱ መደብ ብቅ አለ፣ የኮኮቹም ሥር ጠራ። ደምለው ዳር ቆሞ ሲያይ ዋለ። "እኚህን ሴት ነው እኔ ላስተምር የመጣሁት?" አለ ለራሱ፤ አፈረም፣ ደስም አለው።

መስከረም ሦስት አካለ ወልድ ኮሚቴውን አስከትሎ መጣ። ዞረ፣ ጎነበሰ፣ ፈለገ።

"እንግጫው የት ደረሰ?"

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ እቤትህ ምሰሶ ላይ ነዋ!" አሉ ወይዘሮዋ። "ልጅህ ባንቺዓለም ናት የወሰደችው። ሦስት ኮክ በልታበታለች።"

ኮሚቴው በሳቅ ፈነዳ። አካለ ወልድ ሊቆጣ ሞከረ፣ ግን አልሆነለትም።

ደምለው ወደ ፊት ወጣ። "ያን ሁሉ አረም ያበዛሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ተው ብለውኝ ነበር። በቃለ ጉባኤው ይጻፍልኝ።"

"ይጻፍ" አለ ሊቀ መንበሩ። "መሬቱም የእሳቸው እንደሆነ ይቆይ።"

ሰዎቹ ሲወጡ ደምለው ከአንዱ ኮክ ሥር የተረሳች አንዲት እንግጫ አየ። ቁጢጥ ብሎ ግርጌዋን ያዘ፤ ቀስ ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ ሳባት። ከነፍሬዋ ወጣች። ቀና ሲል ወለተ ኢየሱስ አጠገቡ ቆመዋል። እጃቸውን ወደ ዛፉ ሰደዱና ከቀሩት ኮኮች ቀዩን መርጠው ቀጥፈው ሰጡት።