ቅርብ ሲሆን ራሱ ይገናኛል

ኤልቃና ጉዱን ያመጣው ምንም አላውቅም ለማለት ሲል ነው። ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ጥርሱን ያወልቁት ነበር እንጂ ሌላ የሚያገኙት ነገር አልነበረም። ግን ሰው ውስጥ እግሩን ሲገረፍ አፉ የራሱ አይሆንም፤ ይህን የማያምን ካለ ተገርፎ አያውቅም ማለት ነው።

ያስገቡት ቡራዩ፣ ከታ አካባቢ ያለ ባዶ የሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ ነበር። ወሩ ታኅሣሥ፣ ዓመቱ 2008 ነው። ማስተር ፕላኑን የተቃወመው ሕዝብ የአምቦን መንገድ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ከዘጋ ሳምንት አልፎታል፤ ሱቁ ዝግ፣ ሚኒባሱ የለ፣ ውጭ ተኩሱ ይንጣጣል። ውስጥ ደግሞ ሁለት ጠብደል ሰዎች ኤልቃናን ወለሉ ላይ በደረቱ አስተኝተው በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፉታል። አለቃቸው ዳኜ ይባላል። ዩኒፎርም አይለብስም፤ በጂንስና በሹራብ ላየው ሰው ከቢሮ የወጣ ጸሐፊ ነው የሚመስለው። በተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጦ የኤልቃናን ላፕቶፕ ይጎረጉራል።

«ቪዲዮው የተላከው ከዚህ ነው፤ አየሁት» አለ ዳኜ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «የቀረጸው ቦጂያ ነው፤ እሱንም አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የቸገረኝ። የት ነው ያለው?»

ኤልቃና የት እንዳለ አያውቅም ነበር። የሚያውቀው ቦጂያን ራሱን ነው፤ እሱን ደግሞ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሁለቱም የኦቦ ባይሳ ብረታ ብረት ቤት ሠራተኞች ናቸው። ኤልቃና ከወላይታ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው፤ የግቢ በርና የመስኮት ዲዛይን በላፕቶፕ ይሥላል። ቦጂያ እዚያው ገፈርሳ የተወለደ በያጅ ነው፤ የአባቱ የጤፍ ማሳ ተሸንሽኖ ሲያልቅ ነው ማሽን የጨበጠው። ኤልቃና ላፕቶፕ አለው፣ ኢንተርኔት የለውም። ቦጂያ የወር ፓኬጅ ይገዛል፣ የስልኩ መስታወት ግን ተሰነጣጥቆ ከላይኛው ጫፉ በቀር ምንም አይታይበትም። ስለዚህ ቦጂያ ሆትስፖቱን ይከፍታል፣ ኤልቃና ላፕቶፑን ይከፍታል፣ ሁለት ጎደሎ አንድ ሙሉ ይሆናል። ጠዋት የበር ዲዛይን፣ በምሳ ሰዓት የኳስ ጎል፣ ወደ ማታ መዝሙር ያወርዱበታል።

«ፓኬጄን በመዝሙር ጨረስከው እኮ!» ይለው ነበር ቦጂያ። «መንግሥተ ሰማያት የሚገባው በሜጋባይት ነው እንዴ?»

የታጠቁት ሰዎች መንገዱ ላይ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ሲተኩሱና ሦስት ሰው ሲወድቅ፣ ቦጂያ ከብረት ቤቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ቀረጸው። ዳታው እየመጣ እየጠፋ አላስልክ ሲላቸው ወደ ላፕቶፑ ገልብጠው፣ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲታገሉ ውለው ላኩት። በማግስቱ ሰዎቹ ብረት ቤቱን ሰብረው ገቡ። ቦጂያ በጓሮ አጥር ዘሎ አመለጠ። ኤልቃና ላፕቶፑን ልያዝ ብሎ ተመለሰና ተያዘ።

ይኸው ሁለተኛ ቀኑ ነው። አንድ ጥርሱ ወልቋል፤ ግራ እጁ በሰደፍ ተመቶ አብጧል። ገመዱ እንደገና ውስጥ እግሩ ላይ ሲያርፍ ኤልቃና እሪ አለ።

«ጌታዬ፣ በኢየሱስ ስም! የት እንደገባ በምን አውቃለሁ? እኔና እሱን የሚያገናኘን ኢንተርኔት ብቻ ነው! የእሱ ስልክ ቅርብ ሲሆን ላፕቶፑ ራሱ ይገናኛል፣ ሲርቅ ይቆረጣል፤ ከዚህ ሌላ ምንም የለንም!»

ዳኜ እጁን አነሳ። ገመዱ አየር ላይ ቀረ።

«ድገመው» አለ።

«ምኑን?»

«ራሱ ይገናኛል ያልከውን።»

ኤልቃና ያን ጊዜ ነው ያለው ነገር የገባው። ምላሱን ቆርጦ ቢጥላት በወደደ። ዳኜ ግን ፊቱ ፈክቶ የኔትወርኩን ዝርዝር ከፈተ። በእንግሊዝኛ ፊደል «ቦጂያ» የሚለው ስም እዚያ ተቀምጧል። ስሙን የሰጠውም፣ የይለፍ ቃሉን ያስገባውም፣ «ራሱ ይገናኝ» የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት ያደረገውም ኤልቃና ነው። በየቀኑ መንካቱ ሰልችቶት ነበር።

«ሲሙን አውጥቶ ስለጣለ በቁጥሩ ልናገኘው አልቻልንም» አለ ዳኜ ለሰዎቹ። «ይሄ ስም ግን የሚሄደው ከስልኩ ጋር ነው። ስልኩን የትም አይጥለውም።» ወደ ኤልቃና ዞረ። «ሆትስፖቱን ክፍት ነው የሚተወው?»

«ይዘጋዋል። ሁልጊዜ ይዘጋዋል።»

ውሸት ነው። ቦጂያ ዘግቶት አያውቅም። «ባትሪህን ይበላብሃል» ብሎ ኤልቃና ስንት ጊዜ ጨቅጭቆታል። አሁን ምክሬን ሰምቶ ይሆናል ብሎ ተስፋ ከማድረግ ሌላ የቀረው ነገር አልነበረም።

የዳኜ ፒካፕ እስከ ገፈርሳ መታጠፊያ ወሰዳቸው። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ጠባብ መንገድና ቆርቆሮ አጥር ብቻ ስለሆነ ዳኜ ሁሉንም አስወረዳቸው። መሣሪያ የያዙት አራት ሰዎቹ ከኋላ፣ አጥር አጥሩን እየታከኩ እንዲከተሉ አዘዘ። እሱ ራሱ ሽጉጡን ሹራቡ ሥር ወሽቆ፣ አንድ እጁን የኤልቃና ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ጎን ለጎን መሄድ ጀመረ። ለሚያያቸው ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። ኤልቃና ላፕቶፑን ከፍቶ በክንዱ ታቅፎታል። ውስጥ እግሩ ስለተተለተለ እያንዳንዱ እርምጃ ፍም መርገጥ ነበር።

«ስሙ ሲመጣ ትነግረኛለህ» አለው ዳኜ። «እኔም አያለሁ። መጥቶ ዝም ካልክ መጀመሪያ ጉልበትህን ነው የምልህ።»

ባትሪው ሠላሳ አንድ ይላል። ኤልቃና በዕድሜው ብዙ ጸልዮአል፤ ለሥራ፣ ለእናቱ ጤና፣ ለትዳር። እንዲህ ያለ ጸሎት ግን ጸልዮ አያውቅም። «ጌታ ሆይ፣ ባትሪውን ግደለው።»

አንድ ሽማግሌ ከግቢያቸው ብቅ ብለው ማነው አሉ። ከኋላ የነበረው አንዱ ታጣቂ ሮጦ ደርሶ ሰደፉን አፋቸው ላይ አሳረፈው። ሽማግሌው ሳይጮኹ ተቀመጡ፤ ደሙ በጺማቸው ወረደ። ቀጥሎ ያለውን በር ሰብረው ገብተው የፈተሹት ዝም ብሎ ስለተዘጋ ብቻ ነው። አንዲት ሴት እያለቀሰች ስትምል ይሰማል፤ ከዚያ የሚሰበር ዕቃ፣ ከዚያ ጥፊ። ኤልቃና ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ አለ በልቡ። ኀፍረቱ ከእግሩ ይበልጥ አቃጠለው።

ሃያ አራት። ሃያ ሁለት። በስክሪኑ ላይ የማያውቃቸው የኔትወርክ ስሞች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ቦጂያ የለም።

ድንጋዩ የጀመረው ድንገት ነው። ከላይኛው መታጠፊያ ወጣቶች «ላፍቲ ኬኛ!» እያሉ ጎረፉ፤ መሬቱ የእኛ ነው ማለታቸው ነው። የመጀመሪያው ድንጋይ ከኋላ የነበረውን አንዱን ታጣቂ ግንባሩን ፈነከተውና ዘረጋው። ሌሎቹ ሦስቱ ተንበርክከው መተኮስ ጀመሩ። ቆርቆሮው ሁሉ ጮኸ። አንድ ልጅ እግር ሰው መሬት ላይ ተንከባሎ ጭኑን ይዞ ይጮሃል፤ ሌላው ሊያነሳው ጎንበስ ሲል እሱም ተመታ። ዳኜ ኤልቃናን አጥር ላይ ለጥፎት አንገቱን ወደ ተኩሱ አዞረ።

ያን ጊዜ ስሙ መጣ።

መጀመሪያ ስስ ሆኖ፣ ከዚያ ሞልቶ። ኤልቃና ምንም ሳይነካ «ተገናኝቷል» የሚለው ቃል ከሥሩ ወጣ። ቦጂያ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ከነዚህ ቆርቆሮዎች ከአንዱ ጀርባ ተቀምጧል። በሕይወት አለ!

ይህ አሮጌ ላፕቶፕ ዋይፋዩን የሚዘጋና የሚከፍት ማንሸራተቻ ከፊት ጠርዙ ላይ አለው፤ ጥፍር የምታክል ነገር ናት። ኤልቃና ባበጠ አውራ ጣቱ ፈልጎ ገፋት። መብራቷ ጠፋች። ስሙ ሄደ። ሁሉም ነገር አሥር ሰከንድ አልፈጀም።

ዳኜ ዞረ። «መጣ?»

«አልመጣም።»

«ሌሎቹስ ስሞች የት ሄዱ?»

«ባትሪው ሊያልቅ ነው፤ ሲያልቅ እንዲህ ያደርገዋል።»

ዳኜ ፊቱን ትኩር ብሎ አየው፤ ባትሪውንም አየ፤ አሥራ ዘጠኝ ይላል። ተኩሱ ወደ ላይ ራቀ፤ ታጣቂዎቹ ወጣቶቹን እያሳደዱ ሄደዋል። «ወደፊት» አለና ገፋው። ኤልቃና እያነከሰ ተራመደ። አምስት እርምጃ፣ አሥር፣ ሃያ። በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለው። ይግረፉት፣ ጉልበቱንም ይበሉት፣ ግድ የለውም፤ አለፍነው እኮ! አዳንኩት! ዕንባው መጣ።

«ኤልቃና! ያ ኤልቃና! ኮቱ!»

ና የሚለው ድምፅ ከኋላ ነው። ኤልቃና መዞር አልፈለገም። ዳኜ ግን ትከሻውን ይዞ አብሮት ዞረ።

ቦጂያ ካለፉት የቆርቆሮ በር ወጥቶ መንገዱ መሃል ቆሟል። ባዶ እግሩን ነው። ያን የተሰነጣጠቀ ስልክ ከፍ አድርጎ እየሳቀ ያሳያል። «ገብተህ ነበር እኮ! አሁን ገብተህ፣ ወዲያው ጠፋህብኝ! ዘጋኸው እንዴ?»

ላፕቶፑ የቦጂያን ስም ሲያሳይ፣ ስልኩ ደግሞ የኤልቃናን ስም ለቦጂያ እንደሚያሳይ ኤልቃና ለአፍታ አላሰበም። መንገዱ ወዲህም ወዲያም ነው። እሱ አንዱን ጫፍ ብቻ ሲጠብቅ ነበር።

«አካም ነግዳ፣ ቦጂያ» አለ ዳኜ፣ ፈገግ ብሎ፣ እጁን ለሰላምታ እየዘረጋ። «ኤልቃና ስላንተ ብዙ ነግሮኛል።»

«ፈያ፣ ኦቦሌሳ» አለ ቦጂያ። ጓደኛው ይዞት የመጣ ሰው ነውና ወንድሜ ብሎ ሊጨብጠው ወደ እነሱ መጣ። ሲቀርብ ነው የኤልቃናን አፍ፣ ከዚያ እጁን፣ ከዚያ እግሩን ያየው። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«ሩጥ!» ብሎ ጮኸ ኤልቃና። «ቦጂያ፣ ሩጥ!»

ቦጂያ ዞሮ ሮጠ። ምናልባት ባይሮጥ ይዘውት ይሄዱ ነበር፤ ማን ያውቃል? ዳኜ ሽጉጡን አውጥቶ ሁለት ጊዜ ተኮሰ፣ ሁለቱም ጀርባው ላይ አረፉ። ቦጂያ በፊቱ ተደፋ። አንድ ጊዜ በክርኑ ለመነሳት ሞከረና ተወው።

ኤልቃና ላፕቶፑን በሁለት እጁ አንስቶ ዳኜን ራሱ ላይ መታው። ደግሞ ሊመታው ሲል ተመልሰው የደረሱት ታጣቂዎች በሰደፍ ጎኑን ሰብረው ጣሉት። የረገጡትን ያህል ረገጡት። ከላይ ሕዝቡ እንደገና እየተመመ፣ ድንጋዩ እየቀረበ መጣ። ዳኜ ጆሮው ሥር የሚወርደውን ደም በእጅጌው ጠርጎ፣ ከቦጂያ እጅ ስልኩን ፈልቅቆ ወሰደ፤ የተሰበረውንም ላፕቶፕ አነሳ።

«እሱን ተዉት» አለ ወደ ኤልቃና እያመለከተ። «ሥራውን ጨርሷል።»

ሄዱ። ኤልቃና በሆዱ እየተሳበ ቦጂያ ዘንድ ደረሰ። አገላበጠው። ስሙን ጠራው፤ አፈሩን ከከንፈሩ ላይ ጠረገለት። ቦጂያ አልመለሰለትም።

ከቆርቆሮው በር አንዲት ጠና ያለች ሴት ወጣች። ወርቅውሃ ትባላለች፤ በዚያ ሰፈር እህል የምትቸረችር የጎንደር ሰው ናት። ሁለቱን ቀን ሙሉ ቦጂያን ከጤፍ ጆንያዎቿ ጀርባ የሸሸገችው እሷ ናት። ኤልቃና አያውቃትም፤ እሷም እሱን አይታው አታውቅም። አጠገባቸው ተንበረከከችና መጀመሪያ የሞተውን፣ ቀጥላ ያልሞተውን አየች።

«ኤልቃና ማለት አንተ ነህ?»

ራሱን ነቀነቀ።

«ስምህን ስልኩ ላይ ሲያይ ዘሎ ተነሳ። ‹ኤልቃና መጣ፣ ሲፈልገኝ ነው› አለ። ደግሞ ወዲያው ‹ተቆረጠ፣ አልፎኝ ሊሄድ ነው› ብሎ ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ... ያዝኩት፤ እምቢ አለኝ።» ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ የኤልቃናን አፍና አገጭ ትጠርግ ጀመር። «አንተንም እንዲህ አደረጉህ? በዚህ እግርህ ነው እስከዚህ የመጣህለት? እንኳን ደረስክ፣ ልጄ። ብቻውን አልሞተም።»

እጇ ለስላሳ ነው። እንደ እናት ጀርባውን ትደባብሰዋለች። ኤልቃና ትንሽ ቢታገስ፣ ዝም ቢል፣ ይህች ሴት ቤቷ አስገብታ ቁስሉን ታጥብለት፣ ለሰፈሩም ለጓደኛው የደረሰ ጀግና ብላ ታወራለት ነበር። አልቻለም።

«እኔ ነኝ ያመጣኋቸው» አላት። «ቅርብ ሲሆን ራሱ ይገናኛል ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

ወርቅውሃ መጀመሪያ አልገባትም። ደጋግሞ ነገራት፤ መጋዘኑን፣ ገመዱን፣ ላፕቶፑን። ሲገባት እጇ ጀርባው ላይ ቆመ። ብዙ አየችው። ከዚያ እጇን አነሳች፤ ነጠላዋንም ከፊቱ ላይ ወስዳ፣ በደሙ እንደራሰ የቦጂያን ፊት ሸፈነችበት።