ክዳኑን ማን ከፈተው?

ፓስተራችን ምግብ ሁሉ ንጹሕ ነው ብለው ሲሰብኩ ከሁሉም ጮክ ብሎ "አሜን" የሚለው ባሌ በላይነህ ነው። ቤት ሲመጣ ግን "እኔ ጴንጤ ነኝ እንጂ አሳማ በላ አይደለሁም" ይላል። ግማሽ ዕድሜውን ጆሃንስበርግ ኖሯል፤ ዙሉን እንደ አገሬው ያወራል። አሳማ ላይ ሲደርስ ግን ያው ከሆሳዕና የመጣው የእናቱ ልጅ ነው።

ስለዚህ ልጃችን ማራናታ ከፎርድስበርግ ገበያ አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ድስት ታቅፋ መጥታ "ቅዳሜ እራት የምሠራው እኔ ነኝ፤ የአሳማ ወርች ነው የምሠራው" ስትለኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

"አባትሽን አታውቂውም እንዴ?" አልኳት።

"እማ፣ ባባ ዶክተሩ ያለውን እየሰማ አይደለም። ይሄ ሎው ካርብ ነው። ዳቦ የለው፣ ድንች የለው፣ ሩዝ የለው። ቀስ እያለ ቀኑን ሙሉ ነው የሚበስለው። ሲበላው ስለሚያጠግበው ዳቦ አያምረውም። የበግ ሥጋማ ዋጋውን አይተሽዋል?"

ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ። በላይነህን ስኳር ከያዘው ቆይቷል። ባለፈው ክረምት ጫማ ልጦት በግራ እግሩ አውራ ጣት ላይ የወጣችው ቁስል ግን እስካሁን አልዳነችም። የክሊኒኩ ነርስ ጣቱን አገላብጣ አየችና፣ ዳቦና እንጀራ ካልተወ መጀመሪያ ጣቱን ቀጥሎ እግሩን ሊያጣ እንደሚችል ፊት ለፊት ነገረችን። እሱ ነርሷን አመስግኖ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ማራናታ እንጀራችንን በትሪ ስንበላ፣ ለእሱ ለብቻው በነጭ ሳህን ቆስጣና እንቁላል አቀርብለታለሁ። ነካ ነካ ያደርግና "ጠገብኩ" ብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ሱቃችን እዚሁ ጀፕስታውን፣ የምንኖርበት ቤት የፊት ክፍል ናት፤ ከማድቤቱ የሚለያት አንድ በር ነው። ጠዋት ስጠርግ ከባንኮኒው ስር የዳቦ ፍርፋሪ አገኛለሁ። ብቆጣም፣ ባለቅስም፣ ብለምንም ፍርፋሪው አልቀረም። ይህን ሰው እወደዋለሁ። በዳቦ ምክንያት እንዳላጣው እፈራ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ማራናታ ሥጋውን ቆራርጣ፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በርበሬውንና ትንሽ ኮምጣጤ ጨምራ ክዳኑን ገጠመችው። ለኳየር ልምምድ ልትወጣ ቦርሳዋን አንግታ ከበሩ ላይ ተመለሰች።

"እማ፣ ክዳኑን ማንም እንዳይከፍት። ሙቀቱ ከወጣ አይበስልም። እስክመጣ አትንኪው፣ ፕሊስ።"

"ምን አገባኝ!" አልኳት።

ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ትእዛዝ ነው። እኔ ግን ያልተማሰለ ወጥ ያርራል እየተባልኩ ያደግሁ ሴት ነኝ። ድስት እየተንተከተከ እጄን አጣምሬ ልቀመጥ? መጀመሪያ የከፈትኩት እንዳላረረ ለማየት ነው። ከዚያ ደርቆ ታየኝና አማሰልኩት። ቅቤ የሌለው ነገር ለሰው አይቀርብም ብዬ ቅቤ ጨመርኩ። ቅቤው ብቻውን ምን ያደርጋል ብዬ ኮረሪማ አከልኩ። ከዚያ በኋላማ በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ከፈትኩት። ሽታው ደግሞ አሳማ መሆኑን እንኳ አስረስቶኝ ነበር።

በላይነህም ከሱቁ ማድቤት ሲመላለስ ዋለ። አንዴ ውሃ ሊጠጣ፣ አንዴ ቻርጀር ሊፈልግ፣ አንዴ ዝም ብሎ። "ይሄ አሳማችሁ ቤቱን አገማው" ይላል አፍንጫውን ይዞ። ልብስ ላሰጣ ጓሮ ስወጣ ማድቤት ቆሞ ትቼው ወጣሁ፤ ምንም አልጠረጠርኩም።

ማታ ማራናታ ተመልሳ ጠረጴዛውን ስልኳ ላይ እንዳየችው ፎቶ አሳመረችው፤ ሦስት ሳህን፣ ሦስት ሹካ። የአባቷን ነጭ ሳህን እንደተለመደው በእሱ ቦታ አስቀመጠችለት። ክዳኑን አንስታ ሹካዋን ሥጋው ላይ ስትተክል ግን ሹካው አልገባም።

"እንዴ! ጠዋት ነው እኮ የጣድኩት። እማ?"

"አንዴ ነው የከፈትኩት።"

"እማ!"

"እሺ፣ ቅቤውን ስጨምር። ኮረሪማውንም።"

"በዚያ ብቻ እንዲህ ጥሬ አይሆንም። ሲሪየስሊ፣ ስንቴ ነው የከፈትሽው?"

ኃጢአቴን ልናዘዝ አፌን ስከፍት በላይነህ ከበሩ ላይ ጣልቃ ገባ።

"እናትሽን ተያት። ምንም አልሆነም። ጨው ብቻ ነበር ያነሰው፤ እሱንም ጨምሬበታለሁ።"

ያለው ነገር ለራሱም የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

"ባባ! ቀምሰሃል?"

"መረቁን ነው። መረቅ አሳማ አይደለም።"

"ስንቴ?"

"ደንበኛ በሌለ ጊዜ ብቻ።"

"ዛሬ ደግሞ ደንበኛ አልነበረም" አልኩና ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ማራናታም ልትቆጣ ጀምራ አልቻለችም፤ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ቤታችን እንዲያ ከሳቀ ቆይቶ ነበር።

ማራናታ ክዳኑን ገጥማ ሙቀቱን ከፍ አደረገችውና ልንጠብቅ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። በላይነህ ከፊቱ ያለውን ነጭ ሳህን ሲያይ ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ሳህኑን በጣቱ ትንሽ ገፋ አደረገውና ተነሳ።

"ሱቁን ልየው" ብሎ ወጣ።

"ዳቦ ሊበላ ነው" አለች ማራናታ ቀስ ብላ። "እማ፣ እግራቸውን የተቆረጡ ሰዎች ቪዲዮ አይቻለሁ። ባባን እንደዚያ ማየት አልችልም።"

ተከትዬው ሄድኩ። ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ዳቦ ለሁለት ይገምሳል። ከብረት ፍርግርጉ ወዲያ ጎጎ የምንላት አሮጊቷ ጎረቤታችን ቆማለች። ግማሹን በፍርግርጉ አሳልፎ ሰጣትና እሱም ከቀረው ቆረሰ።

"አንተ ሰውዬ! እግርህን ነው እኮ የምትበላው!" ብዬ ጮህኩ።

አልደበቀውም። ቁራሹን ሳይጎርስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

"አማረች፣ አሳማው አይደለም። ቆስጣውም አይደለም። ያ ሳህን ነው።"

"የቱ ሳህን?"

"ነጩ። እናንተ በአንድ ትሪ ስትጎራረሱ እኔ ጥግ ላይ እንደ በሽተኛ ለብቻዬ። የሚያጎርሰኝ የለ፣ የማጎርሰው የለ። እዚህ ቢያንስ ከጎጎ ጋር ተካፍዬ እበላለሁ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም?"

ነርሷ ያለችውን ስፈጽም እግሩን ያዳንኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሰውየውን ከገበታዬ አስነስቼዋለሁ። የቀረውን ዳቦ ከባንኮኒው አንስቼ ለጎጎ ሰጠኋት፤ "ንጊያቦንጋ" ብላ አመሰገነችኝና በዙሉ ብዙ ነገር መርቃኝ ሄደች።

"ዝጋው ሱቁን" አልኩት። ቅዳሜ ማታ በጊዜ ዘግቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ዘጋ።

ማድቤት ስገባ ሦስቱንም ሳህን ከነሹካው ሰበሰብኩ።

"እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ትሪውን አውጪ። ጥቅል ጎመን አለ አይደል?"

"አለ፣ ግን እንጀራ አይበላም ብለናል…"

"እንጀራ ማን አለሽ?"

የጎመኑን ሰፋፊ ቅጠሎች አንድ በአንድ ገንጥዬ በፈላ ውሃ አለሳለስኳቸውና እንደ እንጀራ ትሪው ላይ አነጠፍኳቸው። ማራናታ መጀመሪያ አፍጥጣ አየችኝ፤ ወዲያው ገባትና አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ከዚያ ሦስታችንም ማድቤት ተቀምጠን ድስቱን ጠበቅነው። ክዳኑን የነካው አልነበረም። በላይነህ አንዴ እጁን ሲዘረጋ ልጁ በማንኪያ መታችው።

ሥጋው በመጨረሻ በሹካ ሲነካ የሚፈርስ ሆነ። ከነመረቁ ቅጠሉ ላይ ገለበጥነው። የበላይነህ የማዕድ ጸሎት ብዙ ጊዜ ወጥ ያቀዘቅዛል፤ የዚያን ማታው ግን አጭር ነበር።

"ጌታ ሆይ፣ አሳማም ቢሆን ባርከው።"

አሜን አልን። አንድ ቅጠል ቀደደ፣ ሥጋ ጠቀለለበት፤ መረቁ እስከ ክርኑ እየወረደ ለማራናታ አጎረሳት። ቀጥሎ ለእኔ። እጁ ከንፈሬን ሲነካኝ ምን ያህል ናፍቆኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ። እኛን አጎረሰን እንጂ እሱ ገና አልቀመሰም።

ማራናታ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፉ አቀረበችለት።

"ይሄኛው መረቅ አይደለም፣ ባባ" አለችው።

ጉርሻውን አየው። እጇ አየር ላይ ቆሞ ቀረ። ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ፣ ጎረሰ፣ ብዙ ጊዜ አላመጠ። ሲውጠው ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ነበር።

"ጨው አነሰው?" አልኩት።

ወደ ልጁ ዞሮ "አንድ ጉርሻ ያጣላል" አላትና አፉን እንደገና ከፈተ።