የዓለሚቱ ቁስል ዘበኛ

የኔታ ወልደማርያም በቤተ ልሔም ድጓ ሲያስተምሩ የሸበቱ፣ ተማሪን በዓይናቸው ብቻ የሚያስደነግጡ ሰው ናቸው። ያን ሐሙስ ጧት ግን ሆስፒታል ውስጥ አንዲት የሃያ አምስት ዓመት ነርስ በር ላይ ቆማ አላሳልፍም አለቻቸው።

ውስጥ ልጃቸው ዓለሚቱ ተኝታለች። የማኅፀን ዕጢ በኦፕራሲዮን ወጥቶላት ገና አንድ ቀኗ ነው። የኔታ በወረቀት የጠቀለሉት እምነት ይዘዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ የተባረከ አመድ። ቁስሉ ላይ ሊነሰንሱላት ነው።

«የኔታ፣ ግንባሯን ይቀቧት፤ እኔንም ይቀቡኝ» አለች ነርሷ፣ መሰረት። «ቁስሉ ላይ ግን አይሆንም። አመድም ይሁን ቅቤ፣ እዚያ ከገባ ያመግላል።»

ቅቤ ስትል የኔታ ያለፈው ነገር ትዝ አላቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ዓለሚቱ በኦፕራሲዮን ስትወልድ እህታቸው ፋንቱ ቁስሉን ለጋ ቅቤ ቀባችው፤ ቁስሉ መግል ይዞ ልጅቱ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። ያኔ ፋንቱን ከሁሉ አብልጠው የተቆጡት እርሳቸው ነበሩ። አሁን ደግሞ ራሳቸው ጠቅልለው መጡ። አፈሩ፤ አፍረውም ዝም አላሉም።

«ታዲያ እጄንም አልጫንባት?»

«ይታጠቡና ይግቡ።»

ውሃ አፈሰሰችላቸው። በሳሙና፣ በጣቶቻቸው መሃል፣ በጥፍራቸው ሥር አሳሸቻቸው። ጋቢያቸውን ሊያስተካክሉ ሲሉም ያዘቻቸው። «ከታጠቡ በኋላ ምንም አይንኩ።»

የኔታ ቀና ብለው አዩዋት። ሠላሳ ዓመት ቀድሰዋል፤ እጁን የታጠበ ቀዳሽ እንዴት እንደሚጠነቀቅ ለእርሳቸው የሚነግራቸው አልነበረም። «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» አሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነገሩ የእርሳቸው ሆነ።

በርጩማ ስበው በሩ ላይ ተሰየሙ። አርብ ዕለት ዘመድ ከገበያ መልስ ጎረፈ። ሁሉንም አሳጠቡ፤ አልጋው ላይ ልቀመጥ ያለውንም አስነሱ። ፋንቱ ታጥባ ስታበቃ ነጠላዋን ነካች፤ እንደገና መለሷት። በቅል ያመጣችውን ቅቤ ለወጥ ይሁን ብለው ወደ ቤት ሰደዱት። ሰዉ አጉረመረመ፤ የኔታን ግን ማን ይደፍራል?

ቅዳሜ ጧት ዶክተር ምንተስኖት ሌላ በሽተኛ ነካክቶ እየተጣደፈ ገባና የዓለሚቱን ፋሻ ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። መሰረት አይታለች። አለቃዋ ነውና ቃሉ ከአፏ አልወጣ አለ።

«ዶክተር» አሉ የኔታ ከበርጩማቸው ሳይነሱ፣ «እጅህን ታጥበሃል ወይ?»

ዶክተሩ እጁን አየ፣ ሽማግሌውን አየ።

«አልታጠብኩም፣ የኔታ» ብሎ ወደ ቧንቧው ሄደ።

ታጥቦ፣ አዲስ ጓንት አጥልቆ ፋሻውን አነሳ። ቁስሉ ደርቆ ገጥሟል፤ መቅላት የለ፣ እብጠት የለ፣ መግል የለ። ዓለሚቱ አንገቷን ቀና አድርጋ ሆዷን አየችና እንባዋ መጣ። ያለፈውን ጊዜ ሽታውን እንኳ አልረሳችውም ነበር።

«እንዲህ ያለ ንጹሕ ቁስል ማን ጠበቀልሽ?» አላት ዶክተሩ።

«አባቴ ነዋ!»

የኔታ ደረታቸው በኩራት ተነፋ። ግን ፋሻ ይዛ ጥግ የቆመችውን መሰረትን ሲያዩ ከበርጩማቸው ተነሱ።

«ጠባቂውስ እኔ ነኝ» አሉ። «የኔታዬ ግን እሷ ናት።»