ሁለቱ ክቦች

ተመራማሪዋ ከታላቅ ወንድሟ የእግር ቁስል የተወሰደው ባክቴሪያ የተዘራበትን ሳህን ከፈተች። ቁስሉ በመድኃኒት ሁሉ አልድን ብሏል፤ የቀረው እሷ የሠራችው ፔፕታይድ፣ ያ አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ብቻ ነው። የፔፕታይዱ ጠብታ ያረፈበት ቦታ ባክቴሪያው ሞቶ ጥርት ያለ ክብ ሆኗል።

«በይ ጋብዢን!» አለ ባልደረባዋ።

«ቆይ እስቲ፣ አንተ ሆዳም!»

ሳህኑን አዞረችው። ለማነጻጸር ብላ ፔፕታይድ የሌለበት፣ እሱን ያሟሟችበት አሲድ ብቻ ያንጠባጠበችበት ቦታም እንደዚያው ጠርቷል። አሲዱን አብዝታዋለች፤ ገዳዩ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ስልኳ ጮኸ። ጓንት ስላጠለቀች ባልደረባዋ ጆሮዋ ላይ ያዘላት።

«ሚጣ፣ ተሳካ እንዴ?» አለ ወንድሟ።

ባልደረባዋ ዓይን ዓይኗን አያት።

«ገና ነው፣ ወንድም ጋሼ። እንደገና እሞክረዋለሁ» አለችና አሲዱን ማቅጠን ጀመረች።