የእናት እግር ያለሰለሰው ጫማ

ላውንደሪው ውስጥ ልብስ ተኳሿ የሸሚዙን ኮሌታ በካውያ እየተጫነች ክብደቷን ከአንድ እግሯ ወደ ሌላው ታዛውራለች። ካልሲ ደርባ ያጠለቀችው የወታደር ጫማ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ሲጥ ሲጥ ይላል።

"የመቶ አለቃ፣ ሰላምታ ልስጥዎ?" አለቻት አጣቢዋ፣ እርጥብ አንሶላ እንዳቀፈች።

"ሳቂ አንቺ! የልጅሽን እግር ልጦት ቢሆን አትስቂም ነበር።"

ጫማው የልጇ ነው። ነገ ጠዋት ለግዴታ ውትድርና ማሰልጠኛ ይገባል፤ አዲሱ ቆዳ እንዳይጎዳው ብላ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ አደረገችለት።

"የኔንማ ልጦታል" አለች አጣቢዋ። "ግን መኪና መንዳት ተምሮ መጣ፤ ይኸው አውቶቡስ ይዞ ይንቀባረራል። እዚህ ቢቀር ስልክ ሲነካካ ጢሙ በሸበተ ነበር።"

እውነቷን ነው። በር ላይ የሚቀመጠው የላውንደሪው ዘበኛም ግን እዚያው ደርሶ የተመለሰ ነው። እሱ ይዞት የመጣው በር ድርግም ባለ ቁጥር መደንገጥን ብቻ ነው።

ወንድሟ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ እረፍት ነስቷታል። ምልምሎቹን ከሚመረምረው ሐኪም ጋር ይተዋወቃል። "አስም አለበት በይ፤ ሌላውን ለኔ ተዪው። ብቻ ዛሬ እስከ ምሳ ሰዓት ቁርጡን ንገሪኝ" ብሏታል። ካውያውን ታነሳለች፤ ስልኳን ታያለች፤ ካውያውን መልሳ ታስቀምጣለች። የተኮሰችውን ኮሌታ ሳታውቀው እንደገና ልትተኩስ ስትል ልጇ ገባ።

"እማዬ፣ እስቲ ልሞክረው።"

"እንደ ጓንት ነው የሚገባልህ! ቁጥራችን እንደሆነ አንድ ነው።" አውልቃ ሰጠችው።

አጠለቀው፤ ትንሽ ተራመደ፤ ፊቱን አጨማደደና ሳቀ።

"ምን ያስቅሃል?"

"ያንቺን እግር እኮ ሆኗል! እዚህ ጋ የአውራ ጣትሽ ጉብታ አለ፤ የኔ ጋ ባዶ ነው። ተረከዙም ወደ ውስጥ ዘሟል።"

አጎንብሳ ዳሰሰችው። ሲቆም የኖረው እግሯ ቆዳው ላይ ቁጭ ብሏል።

"ውይ፣ አበላሸሁብህ!"

"ተይው፣ ስሄድበት የኔ ይሆናል።"

"መሄዱን ግን... ትፈልገዋለህ? አጎትህ ያለውን ሰምተሃል።"

ልጁ ማሰሪያውን ማጥበቅ ያዘ። "ይጠቅመኛል አልልሽም፤ አላውቅም። ትምህርቱን ካቆምኩ ወዲህ ግን 'አንተ ተነስ፣ አንተ ዞር በል' ነው የምባለው። እዚያ ቢያንስ ጠዋት ጠዋት ስሜን ይጠሩታል። 'አለሁ' እላለሁ።"

ሰው በስሙ የሚጠራው ለደግ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ልትነግረው ነበር። ጎንበስ ብላ የግራውን ማሰሪያ ቋጠረችለት።

ልጁ ትንሽ እያነከሰ ወጣ። ዘበኛው ከወንበሩ ተነሳለት።

"ቀኙን ጠበቅ አድርገህ እሰረው፣ ጎረምሳው" ሲለው ሰማች።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ወንድሟ ነው።

"እሺ፣ ምን ወሰንሽ?"

"ልጄ አስም የለበትም።"

"አብደሻል እንዴ? ምን እንደሚገጥመው ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም። እሱም አላውቅም ብሎኛል። ግን እግሩ የራሱ ነው።"

ስልኩን ዘጋች። ካውያውን አነሳች። የቀራት ግራ እጅጌ ብቻ ነበር። ከትከሻው ጀምራ እስከ አንጓው ገፋችው፤ ቁልፎቹን ቆለፈች፤ ሸሚዙን አጣጥፋ ካለቁት ላይ ደረበችው።