ቀለል ያለ ጥይት

"ይኼ ጥይት ነው እንዴ?" አለ ወንበር ሊያወጣ ጋራዥ የገባው ሰውዬ። ድምፁ ሳሎን ድረስ ተሰማ።

ለቀስተኞቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። ሸዋረጋ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ቀና አላለችም። ባሏ ተገኘ የሚነዳውን ሻትል አቁሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ልቡ ቀጥ ብላ ነው የሞተው። የተቀበረው ትናንት ነው።

"ለካ ቤቱን ፋብሪካ አድርጎት ኖሯል" አለች አንዷ ሴት፣ አጠገቧ ወዳለችው ጠጋ ብላ።

"ምን ሊያደርግበት?"

"እኔ እንጃ። ዝምተኛ ሰው ያስፈራል እኮ።"

ሸዋረጋ ሰምታለች።

ተገኘ ተኩስ የጀመረው ልጃቸው ሚናብ ኮሌጅ ገብታ ሳንዲያጎ የሄደች ዓመት ነው፤ 2009 ላይ። እሁድ እሁድ ሸዋረጋን ቤተ ክርስቲያን ያደርሳትና ሳንሆዜ አጠገብ ወዳለው የተኩስ ሜዳ ይነዳል። "ሳነጣጥር ሁሉ ነገር ዝም ይልልኛል" አላት አንድ ማታ እራት ላይ።

"እዚህስ መች ጫጫታ አለ?"

"የዚህ ቤት ዝምታ ሌላ ነው" አለና ሳህኑን አንስቶ ወደ ኩሽና ሄደ።

አንዴ ለምኗት አብራው ሄዳለች። ከግራ ትከሻዋ ኋላ ቆሞ እጇን አስተካከለላት፤ የጆሮ መከላከያዋን በግራ በኩል ከፍ አድርጎም "ቀስ ብለሽ" አላት። ስትተኩስ ሽጉጡ እጇን ወደ ላይ ወረወረው፤ አንጓዋ ደነዘዘ፤ ሰው መሀል አለቀሰች። እስከ ቤታቸው፣ እስከ ኦክላንድ ድረስ "ይቅርታ ሸዋዬ፣ ይቅርታ" እያላት ነዳ። ከዚያ ወዲህ ነይ ብሏት አያውቅም። ከሥራ ሲመለስ ግን ጋራዥ መግባት ጀመረ። እሷ ቴሌቪዥን ከፍታ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፤ ከግድግዳው ማዶ የብረት እጀታ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማታል። ያለፉትን ዓመታት እንዲህ ነበር ያመሹት።

የተገኘ ታላቅ ወንድም ንጋቱ መጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለ።

"ሸዋዬ፣ ያንን ጉድ ነገ ላስወጣው። ሰው የሚለውን ሰምተሻል።"

"ምን ይላል?"

"ወይ ሰው ሊገድልበት ነው፣ ወይ ራሱን... ተይው። የወንድሜ ስም ይጠበቅ።"

"እንዳሉ ይሁን፣ ጋሼ።" የማታውቀውን ነገር ምን ብላ ትከራከርለታለች?

በማግስቱ ማንም የማያውቀው ሽማግሌ መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሻይ ሲሰጡት ተቀበለና ሳይጠጣ ይዞት ቆየ። ማን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ንጋቱ ዕቃውን ሊያወጣ ወደ ጋራዥ ሲሄድ ግን ሽማግሌው ተከተለው። "ቀስ አድርገህ ያዘው፣ ወንድሜ" ሲል ሸዋረጋ ሰማችና ተነሥታ ሄደች።

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"ኩምሳ እባላለሁ። እሁድ እሁድ ከተገኘ ጋር እንተኩስ ነበር። እግዜር ያጥናዎት።"

"እንግዲያው ይንገሩኝ። ይኼን ሁሉ ምን ሊያደርግበት ነው?"

ኩምሳ ግራ ገብቶት አያት። "አልነገረዎትም? ለእርስዎ እኮ ነው።"

ንጋቱ ሳጥኑን እንደተሸከመ ቆመ።

"የሱቁ ጥይት ሲተኮስ እጅ ይመታል፤ 'የባለቤቴ እጅ አይችለውም' አለኝ። ባሩዱን ቀነስ አድርጎ፣ በእርሳስ አረር ቀለል ያለ ጥይት ራሱ ሊሠራልዎት ተነሣ።" ከጠረጴዛው ላይ አውራ ጣት የሚያህል ብረት አነሣ። "ያስቸገረው ይኼ ነው። ዳይ ይባላል። እጀታው ሲጫን ባዶው ቀለሃ እዚህ ውስጥ ገብቶ አፉ ይከፈታል። እርሳስ ለስላሳ ነው፤ አፉ በደንብ ካልተከፈተለት ሲገባ ይላጣል፤ የተላጠ አረር ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አብዝቶ ከከፈተው ቀለሃው ይሰነጠቃል። መጀመሪያ የገዛው መዳብ ለለበሰ አረር የሚሆነውን ነበር፤ አልሆነም። ሌላ ገዛ፤ እሱንም መለሰው። ስንት እሁድ ተከራከርን! እኔ 'ይበቃል፣ ይኼኛው ይሠራል' ስለው፣ 'አንዴ ካስደነገጣት ሁለተኛ አትመጣም' ይለኛል።"

"ከዚያስ?"

"ባለፈው ሰሞን ልክ የሆነውን አገኘ። ሠርቶም ጨርሷል። ነይ ሊልዎት ብቻ ድፍረት አጥቶ ነበር።"

ሸዋረጋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ያን ሁሉ ምሽት እሱ ወደ እሷ ሲመጣ ነበር፤ እሷ ደግሞ የራቃት መስሏት።

"ጋሽ ንጋቱ፣ ይመልሱት።"

"ሰዉስ?"

"ለሰዉ እኔ እነግራለሁ።"

ሳሎን ተመልሳ እንደቆመች ተናገረች። "ጋራዥ ያለው ጥይት የኔ ነው። ባሌ እጄን እንዳያመኝ ብሎ ነው የሠራልኝ።" አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች፤ ሌላዋ ወለሉን ማየት ጀመረች። ያን ቀን ለቀስተኛው ከወትሮው ቀደም ብሎ ተሰናበተ።

ከአርባው በኋላ ለለቅሶው መጥታ የቆየችው ሚናብም ወደ ሳንዲያጎ ተመለሰች። "ማሚ፣ አር ዩ ጎና ቢ ኦኬይ?" ብላ በር ላይ አቀፈቻት፤ ሸዋረጋ "ሂጂ፣ ፕሌኑ እንዳያመልጥሽ" አለቻት። ስልኩ መጮህ አቆመ፤ የተዋሱት ወንበሮች ተመለሱ። አንድ እሁድ ጠዋት ለኩምሳ ኮል አደረገች።

"ዛሬ ይሄዳሉ?"

"እሄዳለሁ።"

"ይውሰዱኛ።"

ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ሄደች። ኩምሳ ሽጉጡን ተገኘ የሠራውን ጥይት አጉርሶ ሰጣትና ራቅ ብሎ ቆመ። ትንፋሿን ይዛ ተኮሰች። ሽጉጡ መዳፏ ውስጥ ነቅነቅ አለና ተመልሶ ረጋ። አልመታትም። የዒላማው ወረቀት ጠርዝ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ታየቻት።

ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሌሎቹ ተኳሾች ወረቀታቸውን ሊቀይሩ አቁመው ስለነበር ሜዳው ጸጥ ብሏል። ወደ ኋላዋ አልዞረችም። የጆሮ መከላከያውን፣ ያኔ እሱ እንዳደረገላት፣ በግራ በኩል ብቻ ከፍ አድርጋ፣ ጥቂት ጠበቀች።